ማንቲስን ቤት ውስጥ ስናኖር አደጋው ከየት ይመጣል?

በመስከረም ማታ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር አካባቢ በረንዳ ላይ አምፖል ያበራ ሰው ብቻውን አያመሽም። መጀመሪያ ጥቃቅን ዝንቦች ይመጣሉ፣ ቀጥሎ የእሳት ራት ይከተላል፣ ከዚያ እነሱን ለማደን አንዲት ረዘም ያለች አረንጓዴ ፍጥረት ግድግዳው ላይ ታርፋለች። ሁለቱን የፊት እግሮቿን አጥፋ ደረቷ ላይ ሰብስባ፣ ለጸሎት እንደቆመ ሰው ጸጥ ትላለች። በልጅነታችን የማርያም ፈረስ እንላት ነበር። የምትጠራበት ስም እንደየአካባቢው ስለሚለያይ እዚህ ማንቲስ እያልኩ እቀጥላለሁ።

እናቴን የሚያክሉ አንድ ጎረቤት አሉኝ። ማንቲስ እጄ ላይ ስትሄድ ባዩ ቁጥር «ኧረ ጣላት አንተ ልጅ፣ ትነድፍሃለች!» ይሉኛል። እኔም «ኧረ እትዬ፣ መንደፊያም መርዝም የላትም» እላቸዋለሁ። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ «ጋሼ፣ እኛም እንያዛት» እያሉ በሩን ያንኳኳሉ። ስድስት ዓመት ገደማ ቤቴ ውስጥ ማንቲስ አኑሬያለሁ፤ አንዷም ጎድታኝ አታውቅም። እኔ ግን ባለማወቅ የገደልኳቸው አሉ። ይህን የምጽፈው በዋናነት ስለዚያ ነው። «ማንቲስን ቤት ውስጥ በደህና መያዝ» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የራሱን ጣት ነው። አደጋው ግን ከሞላ ጎደል በእሷ በኩል ነው፤ አብዛኛውም የሚመጣው ከቤታችን ዕቃ ነው።

በቅድሚያ ጣታችንን እንጨርስ። ማንቲስ እንደ ንብ አትናደፍም፣ እንደ ጊንጥ መርዝ አትወጋም። ያላት መሣሪያ ሁለት ነው፤ አፏና የፊት እግሮቿ። የፊት እግሯ እንደ ሴንጢ የሚታጠፍ ሲሆን በሁለቱም ወገን የተደረደረ እሾህ አለው። ሲዘረጋም ሲታጠፍም ከዓይን ጥቅሻ ይፈጥናል። ዝንብ በዚያ ሴንጢ መሃል ከገባች አትወጣም። የሰው ጣት ግን ለእሷ እንደ ዛፍ ግንድ ነው፤ መራመጃ እንጂ ምግብ አይመስላትም። ጣት የምትይዘው ስትደነግጥ፣ ስትጨመቅ ወይም ፊት ለፊቷ ጣታችንን እንደ ነፍሳት ስናወዛውዝ ነው። የትልቋ ሴት እሾህ አልፎ አልፎ ቆዳ ይጭራል፣ ንክሻዋም ቆንጠጥ ያደርጋል። በሳሙናና በውሃ መታጠብ ይበቃል።

ከባዱ ስህተት የሚሠራው እሷ ከያዘችን በኋላ ነው። ሰው ይደነግጥና እጁን ይመነጭቃል። እሾሁ ወደ ውስጥ የታጠፈ በመሆኑ እጃችን ሲሸሽ እግሯ ከመገጣጠሚያው ይቀራል። ስለዚህ ስትይዛችሁ ዝም በሉ። እጃችሁን ቅጠል ወይም ግንድ ላይ አስጠግታችሁ ጠብቁ፤ ጣት እንደማይበላ ሲገባት ትለቃለች። ገና ያላደገች ከሆነች የጠፋ እግሯ ቆዳ በለወጠች ቁጥር ጥቂት በጥቂት ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ክንፍ ካወጣች ግን ዳግም ቆዳ ስለማትለውጥ የተቆረጠው ተቆረጠ።

አያያዙ ራሱ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ከላይ በጣት አትቆንጥጧት። በተፈጥሮ ከላይ የሚመጣባት ነገር ወፍ ነው፤ ስለዚህ ከላይ የመጣ እጅ ሁሉ ጠላት ነው። መዳፋችሁን ከፊቷ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ከኋላ በሣር ጫፍ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ነካ አድርጓት። ማንቲስ ምን ጊዜም ወደ ላይ መውጣት ትወዳለች፤ ራሷ ትሳፈራለች። ትከሻችሁ ላይ እስክትደርስ ትሄዳለች፣ ከዚያ ፀጉር ውስጥ። ልጅ ፊት ላይ ግን አትልቀቋት፤ ዓይን አጠገብ ማንም ጥፍር ያለው ፍጥረት አይደረግም።

ቁመን ሳይሆን ተቀምጠን፣ አልጋ ወይም ፍራሽ ላይ እጃችንን ዝቅ አድርገን ብንይዛት ይሻላል። ትንሿ ብትወድቅም ምንም አትሆንም፣ ቀላል ናት። እንቁላል የያዘች ወይም የጠገበች ትልቅ ሴት ግን ሲሚንቶ ላይ ብትወድቅ ሆዷ ሊፈነዳ ይችላል። ክንፍ ያወጡት፣ በተለይ ቀጫጭኖቹ ወንዶች፣ ድንገት ይበራሉ። ስለዚህ ሳጥኑን ከመክፈት በፊት መስኮት ይዘጋ፣ የጣሪያ ማራገቢያ ካለ ይጥፋ፣ ድመት ካለች ትውጣ። ወንድና ሴት ለመለየት ሆዷን ከሥር ተመልከቱ፤ ሴቷ ስድስት፣ ወንዱ ስምንት ክፍልፋይ ይታይባቸዋል። ክንፏን ዘርግታ፣ ፊት እግሯን ከፍታ ቀጥ ብላ ከቆመች ደግሞ «አትንካኝ» ማለቷ ነው። ያን ቀን ተዋት።

አሁን ወደ ቤታችን ዕቃ ልመለስ።

የመጀመሪያዋን ማንቲሴን ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስገባሁና አፉን በምን ልሸፍነው ብዬ ዞር ዞር ስል፣ ዓይኔ ያረፈው ተቀዶ በተጣለ የአልጋ አጎበር ላይ ነበር። አየር ያስገባል፣ ዝንብ አያስወጣም፣ ለእግሯም መያዣ ይሆናል። ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል ብዬ ቆርጬ በላስቲክ አሰርኩት። እሷም እንደ ዘሮቿ ሁሉ ወደ ላይ ወጥታ አጎበሩ ላይ ተንጠለጠለች። በማግስቱ ጠዋት ወለሉ ላይ በጀርባዋ ወድቃ ስድስቱም እግሮቿ ሲንቀጠቀጡ አገኘኋት። ውሃ ሰጠኋት፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኳት። ከሰዓት በኋላ ሞተች። ምክንያቱ የገባኝ ሁለተኛዋም በዚያው ክዳን ሥር ስትሞት ነው። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የወባ አጎበር ተራ መረብ አይደለም። ክሩ ላይ ወይም ክሩ ውስጥ ፐርሜትሪን፣ ዴልታሜትሪን ወይም የእነሱ ዘመድ የሆነ ፓይሬትሮይድ የሚባል ፀረ ነፍሳት አለበት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው ግድግዳው ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ተከፍተው ሶዲየም ሲያስገቡና ወዲያው ሲዘጉ ነው። ፓይሬትሮይድ በሩ እንዳይዘጋ ደግፎ ይይዘዋል። ነርቩም መልእክት መላኩን ማቆም ያቅተዋል፤ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ሽባ ይሆናል፣ ከዚያ ይሞታል። የሰው ሰውነት ይህን ኬሚካል ቶሎ ሰባብሮ ስለሚያስወጣው ሕፃን ልጅ ከአጎበር ሥር በሰላም ይተኛል። ነፍሳት ግን ይህን ያህል አቅም የላቸውም። ማንቲስ ደግሞ ነፍሳት ናት፤ መድኃኒቱ እሷን ከትንኝ አይለይም።

«ኧረ የኔ አጎበር አሮጌ ነው፣ ስንቴ ታጥቧል» የሚል ሰው አይጠፋም። ለረዥም ጊዜ እንዲያገለግሉ ተደርገው የሚሠሩት አጎበሮች 20 ጊዜ ታጥበውና 3 ዓመት አገልግለውም ኃይላቸው እንዲቆይ የታሰቡ ናቸው። ስለዚህ አሮጌ መሆኑ ዋስትና አይሆንም። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር፤ ለማንቲስ ብሎ አጎበሩን ያወለቀ ሰው ተሳስቷል። ባሕር ዳር የጣና ዳር ከተማ ናት፣ ወባም ያለባት ናት። አጎበሩ አልጋችሁ ላይ ይዋል፣ ማንቲሷ ሌላ ክፍል ትደር። አጎበር ዘርግታችሁ ወይም አጥፋችሁ ከሆነ እጃችሁን ሳትታጠቡ አትንኳት። የትንኝ መከላከያ ቅባት የተቀባ እጅም ያው ነው።

ከአጎበሩ ቀጥሎ የሚመጣው ግድግዳው ነው። ለወባ መከላከያ ቤት ውስጥ የሚረጨው መድኃኒት የተሠራው ግድግዳ ላይ ለወራት እንዲቆይ ነው፤ ዓላማውም የሚያርፍበትን ትንኝ መግደል ነው። ቤታችሁ በቅርቡ ከተረጨ ማንቲሷ ግድግዳና መጋረጃ ላይ እንደልቧ እንድትንሸራሸር አትፍቀዱ፣ ከሳጥኗ ሳትወጣ ትቆይ። ፍሊት በሌላ ክፍል ቢነፋም በአየር ይደርሳታል። ማታ የሚጤሰው የትንኝ ጥቅልም በአብዛኛው የሚሠራው በዚያው በፓይሬትሮይድ ነው። በረሮ ለመግደል ጥግ ጥግ የሚቀባውን ወይም የሚበተነውን ዱቄት አትርሱ።

ከሰልና እጣን እንደ ፍሊት መርዝ አይደሉም፤ ጭስ ግን ጭስ ነው። ማንቲስ የምትተነፍሰው በአፏ አይደለም፤ ደረቷና ሆዷ ጎን ላይ በተደረደሩ ደቃቅ ቀዳዳዎች ነው። ቡና ሲቆላ ሳጥኗን ወደ ጓዳ ወስዳችሁ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ካለቀ በኋላ መልሷት። እኔ ረከቦቱ ሲዘረጋ መጀመሪያ የማነሳው እሷን ነው፤ ቤተሰቡም ለምዶታል።

ታዲያ ሳጥኑ በምን ይሸፈን? በአሮጌ ነጠላ። ሳስቶ ሳስቶ ብርሃን የሚያሳይ የጥጥ ነጠላ ቁራጭ ከማንኛውም የተገዛ መረብ ይበልጥ ተመችቶኛል። በመድኃኒት ያልተነከረ ነው፣ አየር ያስተላልፋል፣ የክሩ ሽክርክሪት ለእግሯ ጥፍር ጥሩ መያዣ ይሆናል። ሽቶ በሌለው ሳሙና አጥባችሁ ብዙ ጊዜ አለቅልቁት። ዕቃው ባለ 5 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ከፍታው ቢያንስ የእሷን ቁመት ሦስት እጥፍ፣ ስፋቱ ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። ጎኑ ላይ እጅ የሚያስገባ በር ቁረጡለትና በፕላስተር ዝጉት። ለምን ከጎን? እሷ ሁልጊዜ የምትንጠለጠለው ክዳኑ ላይ ነው። ክዳኑን በከፈታችሁ ቁጥር እሷን ትነቀንቋታላችሁ፤ የምትነቀነቅበት ሰዓት ደግሞ ቆዳ የምትለውጥበት ከሆነ ሕይወቷን ታሳጧታላችሁ።

ቆዳ መለወጥ በማንቲስ ሕይወት ውስጥ እጅግ አስጨናቂው ሰዓት ነው። ቆዳዋ እንደ እኛ አይለጠጥም፣ አጥንቷም እሱ ነው። ስለዚህ ስታድግ አሮጌውን ጥላ አዲስና ሰፊ ማውጣት አለባት። ከተፈለፈለችበት ጊዜ እስክታድግ ከ6 እስከ 9 ጊዜ ያህል ትለውጣለች። ሊደርስ ሲል አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ምግብ ትተዋለች፣ ያን ጊዜ ዝንብ አጠገቧ ቢያልፍ ትሸሻለች እንጂ አታድንም። ክንፍ ልታወጣ ከሆነ ጀርባዋ ላይ ያሉት እምቡጦች ይወፍራሉ። አንድ ቦታ መርጣ ዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች፣ ቀኑን ሙሉ አትነቃነቅም።

አንድ ሌሊት በእጅ ባትሪ ብርሃን ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ደረቷ ጀርባ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ታየ። ከስንጥቁ ጭንቅላቷ ወጣ፤ ዓይኖቿ ፈዛዛ፣ ገለባ የሚመስሉ። ከዚያ በስበት ኃይል ብቻ ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች፤ እግሮቿን አንድ በአንድ ከአሮጌው ቆዳ እንደ ጠባብ ሱሪ ትስባለች። ረዣዥሞቹ የኋላ እግሮች ሲወጡ እንደ ፀጉር ቀጥነው ይርገበገቡ ነበር። በጭራዋ ጫፍ ብቻ ተንጠልጥላ ቆየች፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ታጥፋ የራሷን ባዶ ቆዳ ያዘች። ጠቅላላው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አዲሱ ሰውነቷ ግን ያን ጊዜ እንደ እርጥብ ወረቀት ለስላሳ ነበር። በዚያ ሰዓት አንድ ጣት ቢነካት እግሯ እንደተጣመመ ይደርቃል፣ ብትወድቅም እንደዚያው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ክንፍ ካወጣች ደግሞ ከዚያ በላይ፣ አትንኳት፣ አትመግቧት። ሳጥኑ ውስጥ የተረፈ ፌንጣ ካለ ቀድማችሁ አውጡት፤ ለስላሳ ገላ ሲያገኝ እሱ ራሱ ሊበላት ይችላል።

በዚህ ጉዳይ የጣና ዳር አየር ያግዘናል፣ አንዳንዴም ይከዳናል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቀኑ ሞቅ ያለ፣ ክረምቱ እርጥብ ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ግን አየሩ ይደርቃል። ደረቅ አየር ውስጥ አሮጌው ቆዳ ከአዲሱ ጋር ይጣበቅና ማንቲሷ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀራለች። በበጋ ጠዋት ጠዋት የሳጥኑን አንድ ወገን በንጹሕ ውሃ እፍ እያላችሁ አርጥቡ። ጠብታውን ትጠጣዋለች፣ እርጥበቱም ቆዳዋን ያላላል። ውሃ በጎድጓዳ ዕቃ አታስቀምጡ፣ ትንንሾቹ ይሰምጡበታል። የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ይበርዳል፤ ከመስኮት አርቃችሁ አስቀምጧት። ከብርድ የከፋው ግን የቀን ፀሐይ ነው። የተዘጋ ፕላስቲክ በሚያዝያ መስኮት ላይ ከተቀመጠ ውስጡ በአጭር ጊዜ እንደ ምድጃ ይሞቃል።

ጉንዳን ሌላው የሌሊት ጠላት ነው። ሳጥኗ ውስጥ የተረፈ የዝንብ ክንፍ ይሸታቸውና ይሰለፋሉ፤ ቆዳ ስትለውጥ ካገኟት አትተርፍም። ሳጥኑን ትንሽ በርጩማ ላይ አድርጋችሁ የበርጩማውን እግሮች ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ አቁሙ። ማር የሚያስቀምጥ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል።

ምግቧ ቀላል ነው። ዝንብ፣ የእሳት ራት፣ ፌንጣ፣ ለሕፃኖቹ ደግሞ የበሰበሰ ሙዝ ላይ የሚሰፍሩት ደቃቅ ዝንቦች። መጠኑ ከእሷ ቁመት ግማሽ አይብለጥ። ትልቋ በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ ከበላች ይበቃታል፤ ሆዷ ተነፍቶ ከሆነ አትጨምሩላት። መድኃኒት ከተረጨበት የጫት ወይም የቲማቲም ማሳ የተያዘ ፌንጣ፣ ፍሊት ሸቷት የምትንገዳገድ ዝንብ፣ ቤት ውስጥ ሞታ የተገኘች በረሮ ፈጽሞ አትስጧት፤ በምግብ የሚገባው መርዝ ከአጎበሩ አይለይም። ሁለት ማንቲስ አንድ ሳጥን ውስጥ አታኑሩ፤ እርስ በርስ ይበላላሉ።

የማንቲስ ዝርያ በዓለም ላይ ወደ 2,400 ይጠጋል፤ የቅርብ ዘመዶቻቸውም በረሮና ምስጥ ናቸው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የምትኖረውን፣ ኢዶሎማንቲስ ዲያቦሊካ የምትባለውን ትልቅ ዝርያ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ማንቲስ የሚያረቡ ሰዎች አጥብቀው ይፈልጓታል። ለእኛ ከጓሮ ዘይቱን ላይ የተገኘችው ትበቃለች። ከዘጌ ደን ወይም ከደሴቶቹ ገዳማት ማንሳት አያስፈልግም፤ መነኮሳቱ ለዘመናት የጠበቁት ዛፍ ላይ ያለው ፍጥረት እዚያው ይኑር።

ሲነግሩኝ ካላመንኩት ነገር አንዱን ልጨምር። አንዳንዴ ከዱር የተያዘች ማንቲስ ውሃ ሲነካት ከሆዷ ጥቁር፣ ከራሷ የሚረዝም፣ የፈረስ ጭራ ፀጉር የመሰለ ትል እየተጠማዘዘ ይወጣል። እጅግ ያስደነግጣል። በነፍሳት ሆድ ውስጥ አድጎ ለመራባት ውሃ የሚፈልግ ጥገኛ ትል ነው። ሰው ላይ አይኖርም፤ አንሥቶ መጣልና እጅ መታጠብ ብቻ ነው።

ልጆች ሁልጊዜ «ጋሼ፣ ለምን ታየኛለች?» ብለው የሚጠይቁት ስለ ዓይኗ ነው። አረንጓዴው ዓይኗ ውስጥ ያለችው ጥቁር ነጥብ የትም ብትሄዱ ትከተላችኋለች። ነጥቧ እውነተኛ ብሌን አይደለችም። ዓይኗ ከሺህዎች ጥቃቅን ዓይኖች የተሠራ ነው፤ በቀጥታ ወደ እናንተ የዞሩት ብርሃኑን ስለሚውጡት ጥቁር ሆነው ይታያሉ። ቦታ ስትቀይሩ ሌሎቹ ተራ ይደርሳቸዋል። ሌሊት ደግሞ ዓይኗ በሙሉ ይጠቁራል፤ ታመመች ብላችሁ አትደንግጡ።

ዕድሜዋ አጭር ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት አይዘልም። ያደገች ሴት ወንድ ባታገኝም አረፋ የመሰለ ነገር ጨርቁ ላይ ወይም እንጨት ላይ ትለጥፋለች፤ አረፋው ይደርቅና ቡናማ ስፖንጅ ይመስላል። እንቁላሎቿ ውስጡ ናቸው። ከዱር ስትይዟት ያደገች ከነበረች ከወንድ ተገናኝታ ሊሆን ስለሚችል፣ ያን አረፋ ቤት ውስጥ አታቆዩት፤ አንድ ጠዋት ሳሎናችሁ በወባ ትንኝ መጠን ባላቸው ሕፃናት ማንቲሶች ይሞላል፣ ባለው መድኃኒት ሁሉ ላይም ይረማመዳሉ። አረፋውን ከተጣበቀበት ሳትፍቁ ከነጨርቁ ቁረጡት። ዝናብ በቀጥታ የማይመታው፣ ጉንዳን የማይወጣበት የማንጎ ወይም የዘይቱን ቅርንጫፍ ሥር በክር እሰሩት። የእኔ የመጨረሻዋ ማንቲስ አረፋ አሁን ጎረቤቴ እትዬ አጥር ላይ ባለው ዘይቱን ታስሯል። ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ተፈለፈሉ ወይ ብለው ወጥተው ያዩታል።